ግፊቱ ለድንቹ፣ እርጋታው ለዓሣው

ክረምት ሲገባ ከውጭ የሚመጡ የልጅ ልጆች በሻንጣቸው ጫማና ቸኮሌት ብቻ ይዘው አይመጡም፤ የለመዱትን ምግብም በሐሳባቸው ይዘው ይመጣሉ። ዶሮው ወጡ ሁለት ሦስት ቀን ከተበላ በኋላ “አያቴ፣ ሲፉድ ቦይል እንሥራ” የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሰሞኑን ስለዚሁ የጠየቁኝ አንዲት እናት “ስሙን እንኳ በቅጡ አልያዝኩትም፤ ልጆቹ ግን በፕሬሸር ኩከር በአሥር ደቂቃ ይደርሳል ይሉኛል። እኔ ደግሞ ያንን ድስት ከቦምብ ለይቼ አላየውም” ብለዋል። ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። ነገር ግን ድስቱን ከነምግቡ መተውም አያስፈልግም። ሥራውን ከፋፍሎ ማየት ነው የሚያስፈልገው።

የዛሬው ጽሑፌ ሙሉ ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል፦ የእንፋሎት ግፊት ለድንቹና ለበቆሎው ነው፤ ዓሣውና ሽሪምፑ ግፊት አይፈልጉም። ይህን የያዘ ሰው ምግቡም ይጣፍጥለታል፣ እጁም ከቃጠሎ ይድናል። ለምን እንደሆነ ቀስ ብለን እንመልከት።

ምግቡ ከየት መጣ?

ሲፉድ ቦይል የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ማለትም የእነ ሉዊዚያና፣ የእነ ጆርጂያና የእነ ሳውዝ ካሮላይና ምግብ ነው። ቃሉ ሲፈታ የባሕር ምግብ ቅቅል ማለት ነው። በሉዊዚያና ዋናው ነገር ክሮውፊሽ የሚሉት፣ ሽሪምፕ የሚመስል ግን መቆንጠጫ ያለው የረግረግ ውኃ እንስሳ ነው። ወቅቱ በአብዛኛው ፀደይ ስለሆነ ካቶሊኮቹ ሥጋ ከማይበሉበት የዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ በስቅለት ዓርብ ተሰብስቦ መቀቀልም የቆየ ልማዳቸው ነው። በሳውዝ ካሮላይና ባሕር ዳርቻ ደግሞ ሽሪምፕ፣ በቆሎ፣ ድንችና ቋሊማ አንድ ላይ ይቀቀላሉ፤ በሴንት ሄሌና ደሴት በምትገኝ ፍሮግሞር በምትባል ስፍራ ስም “ፍሮግሞር ስቱ” ይሉታል። አካባቢው በባርነት ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች ዘሮች የሆኑት የጉላ ጊቺ ሕዝብ አገር ነው። የእኛ ልጆች በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድ በኩል፣ ሸርጣኑ አይቀቀልም፤ በእንፋሎት ይበስላል፤ ላዩ ላይም ኦልድ ቤይ የሚባለው የቅመም ድብልቅ ይነሰነሳል።

ሁሉንም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። ቅቅሉ ከውኃው ወጥቶ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል፣ ሰው ሁሉ ከቦ በእጁ ይበላል። ልጆቹ ይህን ምግብ የሚወዱት ለሽሪምፑ ብቻ ብለው አይመስለኝም። አንድ ገበታ ከቦ በእጅ መብላት ለእኛ ቤት አዲስ አይደለምና አያቶች እዚህ ላይ እንግዳ አይደላችሁም።

ድስቱ ምን ይሠራል?

ውኃ በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ውኃው ባነሰ ሙቀት ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ እሳቱን የፈለጋችሁትን ያህል ብትለቁት ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ሽምብራና ባቄላ፣ በቆሎና ድንች ደጋ ላይ የሚያስቸግሩን ለዚህ ነው።

ፕሬሸር ኩከር እንፋሎቱን ያፍናል። የታፈነው እንፋሎት ውኃውን ስለሚጫነው ውኃው በቶሎ አይፈላም፤ በዚህም ሙቀቱ እኛ ጋ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የሐሳቡ ባለቤት ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1679 ለንደን ውስጥ አጥንት እስኪለሰልስ የሚያበስል ድፍን ድስት ሠርቶ አሳየ፤ ለድስቱም ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ እንፋሎቱን የሚያስተነፍስ ቫልቭ አበጀለት። ዛሬ ክዳኑ ላይ የምናየው ፊሽካ የዚያው የልጅ ልጅ ነው። ስለዚህ ፊሽካው ሲጮህ አትደንግጡ፤ ሥራውን እየሠራ ነው። የሚያስደነግጠው መጮህ ሲኖርበት ዝም ሲል ነው።

ዓሣውን ለምን አናፍነውም?

የሽሪምፕና የዓሣ ሥጋ ስስ ነው። ከ63 ዲግሪ ሙቀት ጀምሮ በደንብ ይበስላል፤ የእኛ የ92 ዲግሪ ውኃ ለእርሱ ከበቂ በላይ ነው። 110 ዲግሪ ውስጥ ሲታፈን ዓሣው ይፈራርሳል፣ ሽሪምፑ ይሸማቀቅና እንደ ጎማ ይለጠጣል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከጣዕሙ ይልቅ ይህ ነው፦ ሽሪምፕ በግፊት የሚያበስል ሰው መቸኮል ግድ ይሆንበታል። እያንዳንዷ ደቂቃ ምግቡን ስለምታበላሽበት እንፋሎቱ በራሱ እስኪበርድ መጠበቅ አይችልም። ቫልቩን በእጁ ይነካል፣ ክዳኑን ይታገላል፣ ድስቱን እያጣደፈ ወደ መታጠቢያው ይወስዳል። በድንገተኛ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ያየኋቸው የወጥ ቤት ቃጠሎዎች አብዛኞቹ የችኮላ ቃጠሎዎች ነበሩ። ፊት ላይ፣ ክንድ ላይ፣ ደረት ላይ የመታ እንፋሎት፤ እናቱ እግር ሥር በነበረ ሕፃን ላይ የፈሰሰ ትኩስ ውኃ።

ድንችና በቆሎን ብቻ ብናፍን ግን የሚያስቸኩለን ነገር የለም። እሳቱን አጥፍተን ዐሥር ደቂቃ ስንጠብቅ ድንቹ አይጎዳም፤ እንዲያውም በዚያው ሙቀት ማብሰሉን ይጨርሳል። መጠበቁ ራሱ ከማብሰሉ ይቆጠራል። ዓሣው የሚገባው ክዳኑ በሰላም ተከፍቶ፣ ግፊቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ምን ይገባበታል?

ክረምቱ ለዚህ ምግብ ይመቻል፤ የበቆሎ እሸት የሚደርስበት ጊዜ ነው። የአሜሪካኑ በቆሎ ስኳራማና ለስላሳ ስለሆነ በጥቂት ደቂቃ ይበስላል። የእኛው ግን ጠንከር ያለ ነውና ጥፍር ሲነካው ወተት የሚያወጣውን፣ ገና ያልደረቀውን ምረጡ። እየጠነከረ ከሆነ በቆሎውን ብቻውን ዐሥር ደቂቃ አስቀድማችሁ አፍኑት።

ሽሪምፕ እዚህ የሚገኘው በረዶ ሆኖ፣ በትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ነው፤ ዋጋውም ለብዙዎቻችን አይቀመስም። እኔ የምመክረው የሐይቆቻችንን ዓሣ ነው። ከጫሞ ሐይቅ የሚወጣው ናይል ፐርች ሥጋው ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ ሲቀቀል አይበተንም። የዝዋይና የሐዋሳ ቆሮሶም ይሆናል፤ እሾሁ ስለሚበዛ ግን ሕፃናት ካሉ ፊሌቶውን ግዙ። ሽሪምፕ የግድ ከተባለ ግማሽ ኪሎ ለልጆቹ ጨምሩበት፤ የቀረው ዓሣ ይሁን።

ይህን ስል የየቤቱን ሥርዓት ሳልረሳ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት ያለው የውኃ እንስሳ እንዲበላ፣ የሌለው እንዳይበላ ተጽፏልና ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና አምባዛ ወደ ቤታቸው የማይገቡ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ “ለምን?” ይላሉ። መቆጣት አያስፈልግም፤ “የቤታችን ወግ ነው” ብሎ ምክንያቱን መንገር ይበቃል። ዓሣ ያለው ቅቅል ያው ቅቅል ነው። የአሜሪካኑ ቋሊማ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ስለሆነ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ቤት ሳይቸግር ይቀር። ልጆቹ ነሐሴ ላይ ከመጡ ደግሞ ፍልሰታ አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይጨርሱት፤ እኔ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም።

ለስድስት ሰው፣ ባለ 6 ሊትር ድስት ካላችሁ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

የእንቁላል መጠን ያላቸው ድንቾች 1 ኪሎ፤ እያንዳንዱ ለሦስት የተቆረጠ የበቆሎ እሸት 3፤ ለአራት የተከፈለ ቀይ ሽንኩርት 2፤ አንድ ሙሉ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አግድም የተከፈለ፤ ሎሚ 3፤ በርበሬ 1 የሾርባ ማንኪያ፤ ድምብላል፣ ነጭ አዝሙድና ቁንዶ በርበሬ ከእያንዳንዱ 1 የሻይ ማንኪያ፤ ሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ፤ አንድ ዘለላ ጥብስ ቅጠል፤ ጨው 1 የሾርባ ማንኪያ፤ ውኃ 1 ሊትር ተኩል። ዓሣው 1 ኪሎ ሆኖ በሦስት ጣት ስፋት የተቆረጠ። ለመቀቢያ የገበታ ቅቤ ወይም ዘይት ግማሽ ስኒ፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ሚጥሚጣ።

ጨው ላይ ልጆቹ “ይህ አይበቃም” ይሏችኋል። አሜሪካኖቹ ውኃውን በጣም ያጨዋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን የሚመክረው ግን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይህም ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ቤት ውስጥ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ አባት ካለ ድስቱ ላይ ያለውን ግፊት ብቻ ሳይሆን የእርሳቸውንም ማሰብ አለብን። ሎሚው ጨው የጎደለውን ይሞላል። ተገዝቶ የመጣ የቅመም ዱቄት ከተጠቀማችሁ ብዙዎቹ ውስጣቸው ጨው ስላለ ከላይ ያልኩትን ማንኪያ ጨርሶ ተዉት።

ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

ሙሉ ዓሣ ዓይኑ የጎላና የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ መሆን አለበት። ሽታው የሐይቅ ውኃ ይሁን እንጂ ሹል፣ አፍንጫ የሚመታ አይሁን። የቆየ ዓሣን በሎሚና በበርበሬ ማዳን አይቻልም።

የበረዶ ሽሪምፕ ላይ መብራት የሚሄድበት አገር ውስጥ መሆናችንን አትርሱ። ፍሬው ለየብቻ ሆኖ የሚንኳኳ ከሆነ ደኅና ነው። አንድ ላይ የተጣበቀ፣ ከረጢቱ ሥር ውኃው ተንጠፍጥፎ እንደገና በረዶ የሠራ ከሆነ ግን ቀልጦ የነበረ ነውና ተዉት። ቤት ስታመጡት ሌሊቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ በሳህን አድርጋችሁ አቅልጡት። ጠረጴዛ ላይ ወይም ፀሐይ ላይ አይቅለጥ፤ አንዴ ከቀለጠም እንደገና ወደ በረዶ አይመለስ። ጥሬ ዓሣ የተቆረጠበት ቢላና መክተፊያም በሳሙና ሳይታጠብ ሰላጣ አይነካ።

አሠራሩ

በመጀመሪያ ድስቱን መርምሩ። የክዳኑ ጎማ ካልተሰነጠቀና ካልደረቀ፣ የእንፋሎቱን ቀዳዳ ወደ ብርሃን ይዛችሁ ስታዩት ማዶው ከታየ ደኅና ነው። ቀዳዳው ከተደፈነ በቀጭን ሽቦ ጥረጉት። ጎማው ያረጀ ድስት በአዲስ ጎማ ይቀየር እንጂ በጨርቅ አይጠቅለል፤ ፊሽካው ላይም ምንም ዓይነት ነገር አይጫን።

ድንቹን፣ በቆሎውን፣ ሽንኩርቶቹን፣ ቅመሙን፣ ጨውንና ለሁለት የተከፈሉትን ሁለት ሎሚዎች ጨምራችሁ ውኃውን አድርጉበት። ድስቱ ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ብቻ ይሙላ። ከዚያ በላይ ከሆነ ፍርፋሪው ወጥቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ክዳኑን ግጠሙና መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱት።

ፊሽካው ከጮኸበት ጊዜ ጀምሮ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ 6 ደቂቃ በሰዓት ቁጠሩ። ፊሽካ ቆጥሮ ማብሰል ለምደን ይሆናል፤ የአንዱ ድስት ፊሽካ ግን ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ሰዓት አይዋሽም። 6 ደቂቃው ሲሞላ እሳቱን አጥፉና ዐሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴም ዐሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። በዚህ ጊዜ ገበታውን አሰናዱ፣ ቅቤውን ከነጭ ሽንኩርቱና ከሚጥሚጣው ጋር በትንሹ አቅልጡ።

የግፊት ምልክቷ ስትወርድ፣ ፊሽካውን በረጅም እንጨት ጫፍ ስትነኩትም ምንም እንፋሎት ሳይወጣ ሲቀር ግፊቱ አልቋል ማለት ነው። ክዳኑን ስትከፍቱ የሩቁን ጠርዝ አስቀድማችሁ አንሡ፤ እንፋሎቱ ከእናንተ ወዲያ ይሂድ። ክዳኑ እምቢ ካለ ገና ግፊት አለና አትታገሉት፣ ጠብቁት። የኤሌክትሪኩም ድስት ሕጉ ያው ነው፤ እርሱ ደግሞ ቁም ሣጥን ሥር አይቀመጥ፣ እንፋሎቱ እንጨቱን ያበላሻል፣ ወደ ፊት ተመልሶም ይመታል።

አሁን ድንቹንና በቆሎውን ቀዳዳ ባለው ጭልፋ አውጥታችሁ በሰፊ ትሪ ላይ አድርጉና ሸፍኑት። ድስቱን አትድፉት። ብዙ ሰው ያቃጠለው ይህ መድፋት ነው፤ ከባድ ድስት፣ የሚያንሸራትት እጀታ፣ እግር ሥር የሚሯሯጥ ልጅ። ጭልፋ ሦስት ደቂቃ ያስረዝምባችሁ ይሆናል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

የቀረውን መረቅ እንደገና አፍሉት። ሲፈላ ዓሣውን አስገቡና ክዳኑን ሳትገጥሙት እንዲሁ ላዩ ላይ አሳርፉት፤ ሌላ ቀለል ያለ ክዳን ካለ የተሻለ ነው። በቀስታ እሳት ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይበቃዋል። ሥጋው ነጥቶ በሹካ ሲነኩት በቀላሉ ሲላቀቅ በስሏል። ሽሪምፕ ካለ ዓሣው ከወጣ በኋላ በዚያው መረቅ 3 ደቂቃ ገደማ ይሁን። ግራጫው መልክ ጠፍቶ ሮዝና ነጭ ሲሆን፣ ብርሃን የማያሳልፍ ሲሆን አውጡት። ሁሉንም ትሪው ላይ ሰብስባችሁ ቅቤውን ወይም ዘይቱን አፍስሱበት፣ የቀረውን ሎሚ ጭመቁበት። አዋዜና ሰናፍጭ በጎን ይቅረብ።

አሜሪካኖቹ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ምግቡን በላዩ ይዘረግፋሉ። ጋዜጣ ለመነበብ ነው፤ ቀለሙ ከትኩስና ከቅባት ጋር ሲገናኝ ወደ ምግቡ ይገባል። የኮባ ቅጠል ካገኛችሁ አጥባችሁ አንጥፉ፣ ካልተገኘም ትሪ ይበቃል።

ልጆች ባሉበት

ምድጃው ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ለሕፃን የተከለከለ ቦታ ይሁን። ወለሉ ላይ በቀለም ክር ብታሰምሩለት የአራት ዓመት ልጅ እንኳ ይገባዋል። ልጅ ታቅፎ ክዳን መክፈት ፈጽሞ አይሁን። የድስቱ እጀታ ወደ ግድግዳው ይዙር፤ የኤሌክትሪኩ ገመድም ከጠረጴዛው አይንጠልጠል። ልጆቹ ማገዝ ከፈለጉ፣ መፈለጋቸውም አይቀርም፣ በቆሎውን ይላጡ፣ ድንቹን ይጠቡ፣ ሰዓቱን ይቁጠሩ። ሰዓት ቆጣሪ የሆነ ልጅ ከምድጃው ይርቃል፤ በሥራውም ይኮራል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሰው ቢቃጠል የመጀመሪያው መድኃኒት ውኃ ነው። የሚፈስ፣ ቀዝቃዛ ግን በረዶ ያልሆነ ውኃ፣ ለሃያ ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው፣ ልጁም ያለቅሳል፤ ሆኖም አታሳጥሩት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ማብሰል ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጀሪካን ሞልታችሁ አቅርቡ። ቀለበትና አምባር ቶሎ ይውለቅ፤ ልብስም ካልተጣበቀ ይውለቅ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ቡና ዱቄት አይቀባ፤ ሙቀቱን ያፍኑታል፣ ቁስሉንም ያቆሽሹታል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ቃጠሎው ፊት፣ እጅ፣ እግር ወይም ብልት ላይ ከሆነ፣ ከተጎዳው ሰው መዳፍ ከሰፋ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ነገ እናየዋለን አይባልም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት።

የማይስማማቸው ሰዎች

ሽሪምፕና ሸርጣን የአለርጂ ቁጣ ከሚያስነሡ ምግቦች ዋነኞቹ ናቸው። ቁጣው በአዋቂነትም ሊጀምር ይችላል፤ አንዴ ከጀመረም ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ማብሰል አያጠፋውም። በጣም የሚቆጣባቸው ሰዎች ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት እንኳ ይበቃቸዋል። ስለዚህ ከማብሰላችሁ በፊት፣ እንግዶቹን ሁሉ፣ ጎረቤት ልጆችንም ጭምር፣ “የማይስማማህ ምግብ አለ?” ብላችሁ ጠይቁ። የዓሣ አለርጂና የሽሪምፕ አለርጂ የተለያዩ ስለሆኑ አንዱ የማይስማማው ሰው ሌላውን ሊበላ ይችላል፤ ይህን ግን ሐኪም ያረጋግጥለት እንጂ ገበታ ላይ አይሞከር። ቤት የሚኖር ልጅ ሽሪምፕ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ከሆነ አንድ ፍሬ ብቻ፣ በቀን ይቅመስ፤ መኝታ ሰዓት ላይ አይሁን።

ምልክቱ በደቂቃዎች፣ ግፋ ቢል በሁለት ሰዓት ውስጥ ይታያል። ሽፍታና ማሳከክ፣ የከንፈርና የዓይን ማበጥ፣ ማስመለስ ይመጣል። ድምፅ መጎርነን፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ፣ መዝለፍለፍ ከታየ ግን ሞት የሚያመጣ ነውና በፍጥነት ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም ሂዱ። ከውጭ የመጣው ልጅ የአድሬናሊን መርፌ፣ ኤፒፔን የሚሉትን፣ ይዞ ከመጣ የት እንደተቀመጠና እንዴት እንደሚወጋ ወላጁን በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። የሚወጋው በጭኑ የውጭ ጎን ነው፤ ልብስ ላይም ቢሆን ይወጋል። ከተወጋ በኋላ ቢሻለውም ሆስፒታል መሄዱ አይቀርም።

ሌላው የዓሣ አጥንት ነው። በጉርሻ ያደግን ሰዎች ሕፃን ማጉረስ እንወዳለን፤ ዓሣ ግን በጣት ዳብሳችሁ እንጂ በዓይን ብቻ አይታችሁ አታጉርሱ። ጉሮሮ ላይ የተሰነቀረ አጥንትን በትልቅ የእንጀራ ወይም የዳቦ ጉርሻ ግፋው የሚለው የቆየ ምክር አጥንቱን ጠልቆ እንዲወጋ ሊያደርገው ይችላል። ጣትም አይግባ። ሕመሙ ካልተወ፣ ልጁ ምራቁን መዋጥ ካቃተው ወይም ደም ከተፋ ሐኪም በመሣሪያ ያወጣዋል።

ከተበላ በኋላ

የተረፈው ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ማቀዝቀዣ ይግባ፤ በማግስቱ እስኪፋጅ ሞቆ ይበላ። መረቁን አትጣሉት፤ አጥልላችሁ ሩዝ ብትቀቅሉበት ወይም ሾርባ ብታደርጉት ያምራል። ሽሪምፕ የገባበት ከሆነ ግን ለማይስማማው ሰው አይቅረብ። የድስቱ ጎማ የዓሣ ሽታ ስለሚይዝ አውጥታችሁ በሳሙናና በሎሚ ልጣጭ እጠቡት፣ በደንብ ሳይደርቅም አትመልሱት። ቀዳዳውን ያን ጊዜውኑ ጥረጉ፤ የሽሮ ወይም የባቄላ ቀን ሲመጣ ድስቱ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ልጆቹ ሲመለሱ “አያቴ ቤት ሲፉድ ቦይል በበርበሬና በጫሞ ዓሣ ነው የሚሠራው” ብለው ለጓደኞቻቸው ያወራሉ። እዚያ ሄደውም ሲሠሩት ያንኑ ሕግ ይዘው ቢሠሩት ደስ ይለኛል፦ ግፊቱ እስኪያልቅ ማንም ክዳኑን አይነካም።

ሳምንት በሌላ ርዕስ እንገናኛለን። መልካም ሰንበት።